በጣና ዳር የምመዘግባቸው ወፎች፦ የትኛው እንግዳ፣ የትኛው ነዋሪ ነው?

የሐይቅ ዳር መምህር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከተማ አስተማሪ ነኝ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ከከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ተነሥቼ ወደ እንፍራንዝ ወንዝ መግቢያ አቅጣጫ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የጣናን ዳርቻ በእግሬ እየሄድሁ ያየሁትን ወፍ ሁሉ እመዘግባለሁ። ያለኝ መሣሪያ ከሰው የገዛሁት አንድ አሮጌ ባይኖኩላርና አንድ ደብተር ነው። የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «ነዋሪ»፣ በሌላው በኩል «እንግዳ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ችግሬም የጀመረው ከዚህችው መስመር ላይ ነው።

«እንግዳ» ከሚለው ሥር በመጀመሪያ ያሰፈርሁት የመስቀል ወፍን ነበር። አያቴ በሕይወት ሳለች ወፊቱ ለመስቀል መጥታ አደይ አበባ ሲረግፍ ወደ አገሯ እንደምትመለስ ትነግረን ስለ ነበር፣ ከእርሷ የበለጠ እንግዳ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ዓምና በመስከረም መጨረሻ ከደንገሉ መሐል ቀይና ጥቁር የለበሱ ወፎች እየተነሡ ሲበሩ አይቼ በደስታ መዘገብሁ። በጥር ግን በዚያው ደንገል ውስጥ ድንቢጥ የመሰሉ ቡናማ ወፎች አገኘሁ፤ መጠናቸውም አበራረራቸውም ከእነዚያ ጋር አንድ ስለሆነብኝ፣ የጻፍሁትን ልሰርዝ ወይስ ልተው ሳላውቅ እስከ ዛሬ ቆይቻለሁ።

ከዚህ የባሰው በጭቃው ላይ የሚሯሯጡት ናቸው። ዓምና በጥር «ትንንሽ የጭቃ ወፎች፣ 43» ብዬ የጻፍሁበት ገጽ አለ፤ ዛሬ ስመለከተው ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም የገበያ ቀን ቆሜ «ሰዎች፣ 43» ብሎ ከመጻፍ የሚለይ ነገር የለውም። ዳክዬዎቹም ቢሆኑ በጥቅምት ሁሉም ቡናማ ሆነው ይታዩኛል። በመጻሕፍት ላይ የተሣሉትን ባለ ብዙ ቀለም ወንዶች ፈልጌ አላገኘሁም።

ሦስተኛውን ጉዳይ ለሰው ሳወራው ይሥቁብኛል፤ ዳርቻው ራሱ አንድ ቦታ አይቆምልኝም። የምነሣበት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ በመስከረም ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። በመጋቢት ከዚያው ድንጋይ እስከ ውኃው ጫፍ 140 ርምጃ ቆጥሬአለሁ፤ በመሐሉም ሰው ሽንብራ ዘርቶ አጭዶበታል። እንግዲህ የመስከረሙንና የመጋቢቱን ቆጠራዬን የማነጻጽረው ቦታው አንድ ነው ብዬ ነው ወይስ ሁለት? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አሮጌ ታንኳ

የተከበሩ መምህር፣ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን በጀልባ ሳመላልስ የኖርሁ ሰው ነኝ። አብዛኞቹ ገዳማቱን ለማየት ቢመጡም፣ ከመካከላቸው ከወደቡ እስክንመለስ ድረስ ዓይናቸውን ከሾላው ዛፍ ላይ የማይነቅሉ ጥቂቶች ነበሩ፤ ወፍ መለየትን የተማርሁት ከእነርሱ ነው።

የአያትዎን ቃል ማፍረስ ባልወድም፣ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ቀዩ ወፍ የሸማኔ ወፎች ዘመድ ነው። ወንዱ ክረምቱን ቡናማ ላባውን እየጣለ ቀይና ጥቁር ይለብሳል፣ ሣርና ደንገል ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ይራባል፤ በጋው ሲጠና ደግሞ ያን ልብሱን አውልቆ ሴቷን ይመስላል። በጥር ያዩአቸው ቡናማዎች ራሳቸው የመስከረሞቹ ናቸው ማለት ነው። በሌላ አገር ረጅም ጅራት ያለውን ወፍ በዚሁ ስም የሚጠሩ አሉ፤ የእርሱም ጠባይ ያው ነው። ስለዚህ አይሰርዙት፤ ቀስት ስበው ወደ «ነዋሪ» ያሻግሩት፤ ቀይ ሆኖ የታየበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ግን ይጻፉ፤ እርሱም ራሱን የቻለ ጥሩ መረጃ ነው።

«እንግዳ» የሚለው ዓምድዎም አንድ ሳይሆን ሁለት መሆን ይገባዋል። አንደኛው ወገን ከአውሮፓና ከእስያ የአገሩን ብርድ ሸሽቶ በእኛ በጋ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከአፍሪካ ሳይወጣ ዝናብን ተከትሎ የሚዞረው ነው። ለምሳሌ ሽመላን ይውሰዱ። ነጩ ሽመላ፣ ምንቃሩና እግሩ ቀይ የሆነው፣ ከአውሮፓ መጥቶ በበጋው የሚታይ ነው። ጥቁር ሆኖ ሆዱ ብቻ የሚነጣው የአብዲም ሽመላ ደግሞ በተቃራኒው ክረምት ሲቃረብ መጥቶ በመንደር ዛፎች ላይ ይራባል፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ አቅጣጫ ይወርዳል። ምንቃሩ ቢጫ የሆነው ሽመላ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ጊዜዋን ታውቃለች ያላት ሽመላ የመጀመሪያዪቱ ብትሆን አይደንቀኝም፤ የእርሱን አገር አቋርጣ ነውና ወደ እኛ የምትመጣው።

ስለ ወራቱ የማስታውሰውን ልንገርዎ። መስከረም ላይ ውኃውን ትተው ወደ ላይና ወደ ከብቱ ይመልከቱ። እኛ ጀልባ ላይ መቀስ ጅራት የምንላቸው ነፍሳት ለቃሚዎች በብዛት ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ጉሮሮው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር መቀነት የታጠቀው እንግዳ ነው፤ አናቱ ቀይ ቡናማ፣ ደረቱ ንጹሕ ነጭ፣ ከጅራቱም ሁለት ቀጭን ሽቦ የወጣለት ከድልድይ ሥር ጎጆ የሚሠራው የአገር ልጅ ነው። በከብቶቹ እግር መሐል ጅራቱን እያወዛወዘ የሚሮጠውን ቢጫ ወፍም አይለፉት፤ ዋግቴል ይባላል፤ በመስከረም መድረስ ይጀምራል። ራሱ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ቢያዩት ሌላ ወፍ መስሎ አይታይዎ፤ ከተለያየ አገር የመጣ አንድ ወገን ነው። ማታ ማታ በመንጋ ሆነው ደንገሉ ውስጥ ያድራሉ።

በዛፎቹ ላይ ደግሞ በሾላና በግራር ቅጠል መሐል የማይቆሙ አረንጓዴ ቢጫ ትንንሽ ወፎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ዊሎው ዋርብለር የሚባለው፣ ክብደቱ 10 ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ሰሐራን አቋርጦ ይመጣል። እርሱ መንገደኛ ነው፤ የሚመስለው ቺፍቻፍ ግን በደጋው ይከርማል። እግሩ ጠቆር ያለና ጅራቱን ዝቅ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ሁለተኛው ነው።

ጭላትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በሥጋ ቤቶቻችን ዙሪያ የሚያንዣብበው ጭላት ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው፤ በበጋ ግን ምንቃሩ ጥቁር የሆነ ዘመዱ ከሰሜን መጥቶ ይቀላቀለዋል። የእኛው ጭላት ጫጩት ሳለ ምንቃሩ ጥቁር ስለሚሆን በምንቃር ብቻ አይፍረዱ።

ዳክዬዎቹ ቡናማ የሆኑብዎ ከዚያው ከመስቀል ወፍ ጠባይ በሚመሳሰል ምክንያት ነው። ወንዶቹ ከተራቡ በኋላ ያጌጡበትን ላባ ጥለው እንደ ሴቶቹ ሆነው ይመጣሉ፤ ጌጣቸውን የሚለብሱት እዚህ ከደረሱ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ጋርጋኒ የተባለው ትንሹ ዳክዬማ እስከ ጥር ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በጥቅምት ቀለምን ትተው ቅርጽን ይመልከቱ። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ ሰፍቶ ወደ ታች የከበደው ሾቨለር ነው፤ ከሩቅም አይሳሳቱትም። አንገቱ ቀጭንና ረጅም፣ ጅራቱ ሹል የሆነው ፒንቴይል ነው። ይብራን ግን ያውቁታል፤ እርሱ የቤት ሰው ነው።

ከርእሱ ባይወጣብኝ፣ ባይኖኩላር ይዘው ሲሄዱ መታወቂያዎን አይርሱ። እኔን አንድ ጊዜ በአንድ የሐይቅ ዳር ግቢ አጥር አጠገብ ጥበቃው «ምን ትሰልላለህ?» ብሎ መነጽሬን ለአንድ ሰዓት ይዞብኛል። በመጨረሻ በመነጽሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ንስር ባሳየው ጊዜ ሊመልስልኝ ሳይፈልግ ሌላ ሩብ ሰዓት ቆየ።

የይጋንዳ ልጅ

አሮጌ ታንኳ ክሬን የተባሉትን ባለ ረጅም አንገትና ባለ ረጅም እግር ትልልቅ ወፎች ሳያነሡ ማለፋቸው ገርሞኛል፤ ምናልባት ከጀልባ ስለማይታዩ ይሆናል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በይጋንዳ ነው። ጥቅምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ በኩል መለከት የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ግራጫዎቹ ክሬኖች እየተንጫጩ፣ አንገታቸውን ወደ ፊት፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በረድፍ ወደ ማሳው ይመጣሉ። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከምዕራብ ሩሲያ በእስራኤል በኩል አድርገው የሚመጡ መሆናቸው በጀርባቸው ላይ በተደረገ የሳተላይት መከታተያ ታውቋል። በጣና ዙሪያ የሚከርሙት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ በይጋንዳ፣ በግልገል ዓባይ አፍ ባለው ጭምባ ረግረግና ማዶ በፎገራ ሜዳ ይሰበሰባሉ።

በልጅነቴ ለእኔ እነዚህ ወፎች ሥራ ነበሩ። ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ አልፎ መሬቱ እርጥበቱን እንደያዘ ስለሆነ፣ ዘሩ መሬት የሚገባበትና ክሬኖቹ የሚደርሱበት ጊዜ ይገናኛል። ወንጭፍ ይዤ ከማማ ላይ ስጮኽ እውላለሁ። አባቴ ግን ዳጉሳውና በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ተዋቸው ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚለቅሙት ከአውድማና ከማሳ የረገፈውን ነውና። ስለዚህ አርሶ አደሩ ወፎቹን ይጠላል የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ወሩን ይጠይቁት፤ የጥቅምቱና የታኅሣሡ መልስ አንድ አይደለም።

አሁን በቅርበት ማየት ከፈለጉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ከታጨደ የዳጉሳ ማሳ ዳር፣ ከግንድ ወይም ከክምር ጀርባ ተቀምጠው ዝም ይበሉ። ዓምና በታኅሣሥ 60 ርምጃ ያህል ቀርበውኝ ነበር። እናትና አባት ጉሮሯቸው ጥቁር፣ ከዓይናቸው ኋላ ነጭ መስመር፣ አናታቸው ላይ ትንሽ ቀይ ቆዳ አለ፤ በመካከላቸው ራሱ ገና ዝገት የመሰለ ቡናማ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። ልጁ ቆሞ ሲለቅም አባትየው አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል፤ ሲቀያየሩም አየሁ። መንጋውን «ክሬን፣ 300» ብለው ከሚያልፉት ራሳቸው ቡናማ የሆኑትን ለይተው ቢቆጥሩ፣ በዚያ ዓመት እርባታው እንዴት እንደ ሆነ የሚያመለክት ቁጥር ያገኛሉ።

እግራቸውንም ያስተውሉ። አንዳንዶቹ ባለ ቀለም ቀለበት አለባቸው። ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ የግራውንና የቀኙን ለይተው መጻፍ አለብዎት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቀለበቱ የሌላ ወፍ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ባየሁ ጊዜ «ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ» ብቻ ብዬ ጽፌ የየትኛው እግር እንደ ነበር ሳላስታውስ ቀርቻለሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አንደኛ፣ ክሬን ሁሉ እንግዳ አይደለም፤ አናቱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን የአገራችን ናቸው። ይህ ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በስተሰሜን የትም አይገኝም። ሁለተኛ፣ ማታ የሚያድሩት እግራቸውን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ነክረው ቆመው ነውና ወደ ማደሪያቸው አይጠጉ፤ በጨለማ ከተነሡ ለመመለስ ይቸገራሉ።

የሐይቅ ዳር መምህር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመስቀል ወፍን ዛሬ በቀስት አሻግሬአታለሁ፤ ለአያቴ መንገር ባልችልም ለእናቴ ነግሬአት «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ እያለች ለምን አናያትም?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ፤ እኔም ከዚህ የተማርሁትን ነገርኋት። የጭቃ ወፎቹና የዳርቻው ነገር ግን አሁንም አልተፈታልኝም።

ጮቄ ሥር

እኔ ከሐይቁ ርቄ ደብረ ማርቆስ ስለምኖር ስለ ጭቃ የማውቀው የለኝም፤ ነገር ግን መምህር ዓይናቸውን ከመሬት አንሥተው ወደ ሰማይ ቢያደርጉ ለማለት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከፀሐይ ሙቀት ጋር የሚወጣውን አየር እየተንሳፈፉ የሚያልፉ ንስሮች አሉ። ክንፋቸውን ሳይመቱ የሚጓዙት ሞቃት አየር በሚነሣበት የብስ ላይ ስለሆነ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አይወዱም፤ ከእስያ የሚመጡት ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት በጠባቡ በባብ ኤል መንደብ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል፤ እኛ ዘንድ ግን የታረሰ ማሳ ላይ ቁጭ ብሎ ሳየው ሰው ቁራ ያየ ያህል እንኳ አይገረምም። በጮቄ ግርጌ በገብስና በስንዴ ማሳዎች ላይ ደግሞ ክንፉን እንደ ቪ ፊደል አድርጎ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ አመድማ ነጭ አዳኝ አለ፤ ፓሊድ ሃሪየር ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት እነዚህን አይጠብቁ፤ አየሩ መሞቅ አለበት። መምህር በ3 ሰዓት ወደ ቤት መመለሳቸው ለእነዚህ አይመችም።

ረግረግ ወዳድ

ስለ ጭቃው ልመልስ፤ ለእኔ የጥያቄው እምብርት ይህ ነው።

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ዳርቻው በብዙ ቦታ እንደ ሰፌድ ዝርግ ስለሆነ፣ ውኃው በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍና ዝቅ ሲል ዳርቻው በመቶ በሚቆጠር ርምጃ ይሸሻል። ገበሬው «ባሕር ሸሽ» የሚለው መሬት ይኸው ነው። ውኃው የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት፣ እጅግ የሚወርደው በግንቦትና በሰኔ ነው። ወፎቹ የሚፈልጉት ውኃውን ሳይሆን ውኃው ትናንት ለቆት የሄደውን ገና ያልደረቀ ጭቃ ነው፤ ትሉና የነፍሳት እጩ በዚያ አለና። ስለዚህ በመስከረም ጭቃ ወፍ አላየሁም ብለው ከሆነ ገና አልመጡም ማለት ብቻ አይደለም፤ የመጡትም የሚቆሙበት አጥተው ወደ ረጠበ ማሳና ወደ ኩሬ ተበትነው ይሆናል።

አሁን «43» የተባሉትን እንበትናቸው። በመጀመሪያ የሚበሉበትን ቦታ ያስተውሉ። የምንቃራቸው ርዝመት ጭቃውን ተከፋፍለው እንዲበሉ አድርጓቸዋልና። ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጠው፣ እግሩ ጥቁር ሆኖ እንደ አይጥ የሚሯሯጠው ስቲንት ከጭቃው ገጽ ላይ ይለቅማል። ምንቃሩ ረጅምና ቀጥ ያለው ጎድዊት ደግሞ ውኃ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩን እስከ ዓይኑ ድረስ ይሰካል። ብቻውን በድንጋይ ላይ ሆኖ ቂጡን ያለ ዕረፍት የሚያወዛውዝ፣ ከክንፉ ፊት ነጭ ሽብልቅ ወደ ትከሻው የገባለት ኮመን ሳንድፓይፐር ነው። ጥቁር መስሎ ከቦይ ውስጥ በድንገት ሲነሣ ከጅራቱ በላይ በረዶ የመሰለ ነጭ የሚያሳየው ግሪን ሳንድፓይፐር ነው። ጀርባው ጠቃጠቆ ሆኖ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው፣ በረጠበ ማሳ ላይ በቡድን የሚታየው ዉድ ሳንድፓይፐር ነው። ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ራፍ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ በእጅጉ ስለሚበልጥ አንድ መንጋ ሁለት ዝርያ ይመስላል። ጀርባው እንደ ዓሣ ቅርፊት ከሆነ፣ ራሱም ለሰውነቱ ትንሽ ከሆነ እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላም ጭቃው ላይ ያለ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት፣ በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቀለበት ያለው ትንሽ ወፍና እርስዎን ሲያይ ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው፣ ጉንጩ ነጭ ሆኖ አናቱና ደረቱ የጠቆረው ወፍ ሁለቱም ነዋሪዎች ናቸው።

በወሰኑ ጉዳይ ሰዎች «ውኃውን ተከተል» ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ውኃውን ብቻ ከተከተሉ በየወሩ የተለያየ ስፋት ያለው ቦታ ይቆጥራሉ። የእኔ ምክር ቋሚ ወሰን ይያዙ ነው፤ ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ መጨረሻው ዛፍ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን፤ ከዚያ መስመር ወደ ሐይቁ ያለውን ሁሉ፣ ሽንብራ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ውኃ ቢሆን ይቁጠሩ፤ ነገር ግን በየገጹ ራስጌ ከድንጋዩ እስከ ውኃው ያለውን ርምጃ ይጻፉ። ያቺ 140 ለሌላ ሰው ቀልድ ብትመስልም ከወፎቹ ቁጥር የማታንስ መረጃ ናት። ሐይቁ በተፈጥሮው ብቻ አይደለም ከፍና ዝቅ የሚለው፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓባይ መውጫ ላይ የጨራጨራ ግድብ አለ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ውኃው በጣና በለስ በኩል ይወጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. ውኃው እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ተቸግረው ነበር፤ በዚያን ዓመት የርምጃ ቁጥር የያዘ ሰው ቢኖር ዛሬ ከፍዬ እገዛው ነበር።

ምንም ያላዩበትን ቀን አይዝለሉ፤ «ጭቃ ወፍ፣ 0» ብለው ይጻፉ። ያዩትን ሁሉ የያዘ ዝርዝር ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ቢጭኑት ሌሎችም ይጠቀሙበታል፤ ካዩት አንድም ሳይቀር የተጻፈ ከሆነ ያላዩት ወፍ አለመኖሩ ራሱ ከዝርዝሩ ይነበባል። በተረፈ በጥር አጋማሽ በአፍሪካ ሁሉ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ቅዳሜዎ ከጥምቀት ጋር ካልተጋጨ የዚያን ሳምንት ቆጠራዎን በተለይ ይጠንቀቁለት።

አሮጌ ታንኳ

ውኃውን ተከተል ያልሁት እኔ ባልሆንም፣ ስከራከር የኖርሁት እንደዚያው ብዬ ነበር። የርምጃው ነገር አሳምኖኛል። ይሁንና ሽንብራው ሲበቅል ጥበቃ ላይ ያለውን ልጅ ሳያስፈቅዱ አይሻገሩበት።

የሐይቅ ዳር መምህር

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 13 ስለነበረ በነገራችሁኝ መሠረት ወጥቼ ተመለስሁ። ከድንጋዩ እስከ ውኃው 31 ርምጃ ነው። በደብተሩ ያለችውን መስመር ትቼ ገጹን በሦስት ከፍዬዋለሁ፦ ነዋሪ፣ ከሰሜን የመጣ፣ ከዝናብ ጋር የሚዞር፤ ሦስተኛው ዛሬ ባዶ ነው።

የጭቃ ወፎች በጠቅላላው 26 ነበሩ። ከእነዚህ 11 ስቲንት፣ 6 ራፍ፣ 3 ዉድ ሳንድፓይፐር፣ ድንጋዬ ላይ ቂጡን ሲያወዛውዝ ያገኘሁት አንድ ኮመን ሳንድፓይፐር፣ 2 ቀይ ዓይን ያላቸው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ሦስቱን አላወቅኋቸውም፤ «ያልታወቀ፣ 3» ብዬ ጽፌአለሁ። ራፎቹን ስመለከት በእርግጥም አራት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ስለነበሩ፣ ምክራችሁን ባላነብ ኖሮ ሁለት ዝርያ አድርጌ እመዘግባቸው ነበር።

በሽንብራው ዳር አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ባይኖኩላሩን ሰጥቼው ብዙ ቆየ፤ ስቲንቶቹን አይቶ «እነዚህ ምን ይሆናሉ፤ እኔ የማባርረው ትልልቆቹን ነው» አለኝ። ክሬኖቹ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጡ ብጠይቀው በእጁ ወደ ዘጌ በኩል አመለከተኝ፤ ዘወር ስል አምስት ግራጫ ወፎች ዝቅ ብለው ሲያልፉ አየሁ፤ ከመካከላቸው የአንዱ ራስ ቡናማ መሆኑን ግን በባይኖኩላሩ ማየት የቻለው ልጁ ስለነበረ፣ በደብተሬ ላይ «በልጁ ምስክርነት» ብዬ አስፍሬዋለሁ።

ሦስቱን ያልታወቁ ወፎች በሚመለከት፦ እግራቸው አረንጓዴ፣ ምንቃራቸው በጥቂቱ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነበር፤ ሲበሩም ሦስት ጊዜ «ትዩ ትዩ ትዩ» ይላሉ። የሚያውቃቸው ካለ ቢነግረኝ።

ረግረግ ወዳድ

ግሪንሻንክ ናቸው። ያን ሦስት ጩኸት ከሰሙ በኋላ ማየት እንኳ አያስፈልግዎትም ነበር።